«የት» ቀደመ፣ «መቼ» ዘገየ፦ ፖሊመርን በብርሃን የመግዛት የሁለት መቶ ዓመት ጉዞ

ዛሬ አንድ የጥርስ ሐኪም ሰማያዊ መብራት ለ20 ሰከንድ ያህል ሲያበራ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ሙሌት ጠንክሮ ምግብ ለማኘክ ዝግጁ ይሆናል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ ስስ የሬንጅ ቅብ በፀሐይ ለማጠንከር ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ መጠበቅ ነበረበት። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ለዓይን የሚገባ ነው፤ ትልቁ ለውጥ ግን እሱ አይደለም። ኒየፕስ ብርሃኑ የት እንዲያርፍ መወሰን ይችል ነበር። ሞለኪውሎቹ መቼ ማደግ እንዲጀምሩ፣ መቼ እንዲቆሙ፣ ከቆሙበት መቼ እንዲቀጥሉ መወሰን ግን አይችልም ነበር። ይህ የሁለተኛው ዓይነት ሥልጣን በሰው እጅ የገባው ገና በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታን መግዛትና ጊዜን መግዛት ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? የዚህን ዘርፍ አካሄድ የሚያስረዳው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

የ1820ዎቹ ግኝት በጣም ቀላል በሆነ ጠባይ ላይ የቆመ ነበር። የተፈጥሮ ሬንጅ በብረት ወይም በመስታወት ላይ በስሱ ተቀብቶ ብርሃን ሲያገኘው፣ ብርሃን ያረፈበት ክፍል በላቬንደር ዘይት የማይሟሟ ይሆናል፤ በጥላ የቀረው ክፍል ግን በዘይቱ ታጥቦ ይሄዳል። ኒየፕስ በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተቀረጹ ሥዕሎችን ገለበጠ፤ በ1826 ወይም በ1827 ደግሞ ለ ግራ በተባለው መኖሪያው መስኮት የሚታየውን እይታ በብረት ሰሌዳ ላይ አስቀረ። ሰሌዳው ከካሜራ የተገኘ፣ እስከ ዛሬ የቆየ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ተብሎ ይጠቀሳል። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ትርጉም አለው፦ ሰው ሆን ብሎ ብርሃንን አንድን ቁስ በመረጠው ቦታ ላይ ብቻ እንዲያጠነክር ካዘዘባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ዛሬ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት መንገድ በመሠረቱ ከዚሁ አይለይም፤ ቅባ፣ አብራ፣ እጠብ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃምሳ ዓመታት የአጋጣሚ ዘመን ናቸው። በ1872 ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን በብልቃጥ ያለ የቪኒል ክሎራይድ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ነጭ ጠጣር ነገር ሲወልድ ተመለከተ። ያየው ዛሬ ፒቪሲ የምንለውን፣ የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሚሠራበትን ፖሊመር ነው። ነገር ግን ጠጣሩ ከምን እንደተዋቀረ የሚያስረዳ ሐሳብ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ሄርማን ሽታውዲንገር እንዲህ ያሉት ቁሶች በጣም ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን መከራከር የጀመረው በ1920 ነው፣ ለዚህም የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1953። ሰንሰለት መሆኑ ያልታወቀን ነገር ርዝመቱን ልቆጣጠር ብሎ የሚነሣ አይኖርም።

በ1912 እና በ1913 ግን ብርሃን ኢንዱስትሪ ውስጥ ሊገባ ጫፍ ደርሶ ነበር። የቦሎኛው ፕሮፌሰር ጂያኮሞ ቻሚቻን በ1912 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ንግግር ወደፊት የኬሚስትሪ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ፈንታ በፀሐይ እንዲሠሩ፣ ጭስ አልባ ኢንዱስትሪዎችም በረሃማ አገሮች ላይ እንዲተከሉ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ሰሞን ጀርመናዊው ፍሪትስ ክላተ ቪኒል ክሎራይድን በፀሐይ ብርሃን ወደ ፖሊመር ለመለወጥ የባለቤትነት መብት አወጣ። ሁለቱም አልሰመሩም። የክላተ ኩባንያ ከግኝቱ ጥቅም ማግኘት ተስኖት በ1920ዎቹ መብቱን ለቀቀው፤ ፒቪሲ በኋላ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ የተመረተው በሙቀት በሚፈርሱ ፐርኦክሳይድን በመሳሰሉ ኬሚካሎች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፀሐይ በደመናና በሌሊት ትጠፋለች። ከዚያም በላይ ብርሃን ወደ ፈሳሹ ጥልቅ ሳይገባ በላይኛው ስስ ንጣፍ ላይ ተውጦ ይቀራል፤ ሺህ ሊትር የሚይዝ ጋን ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ አብዛኛው ብርሃኑን አያየውም። ሙቀት ግን በጋኑ ሁሉ ይዳረሳል። በብዛት ማምረትን በሚመለከት ብርሃን በዚያን ጊዜ በሙቀት ተሸነፈ፤ ይህ ሽንፈት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቀለበሰም።

ቀጣዩ መታጠፊያ የመጣው ይህን ድክመት እንደ ጥንካሬ ካዩት ሰዎች ነው። ብርሃን ስስ ንጣፍ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ስስ ንጣፍ የሚፈልግ ሥራ ይፈለግለታል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የኢስትማን ኮዳክ ኬሚስት ሉዊስ ሚንስክ ብርሃን ሲያርፍበት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የሚተሳሰሩ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ሠራ። በጀርመን ቪስባደን ደግሞ በካለ ኩባንያ ኦቶ ዙስ ተቃራኒ ጠባይ ያላቸውን፣ ብርሃን ያገኘው ክፍል የሚሟሟባቸውን ውሁዶች አጠና። ሁለቱም የተወለዱት ከማተሚያ ቤት ፍላጎት ነበር። ዱፖንት በ1960 አካባቢ በብርሃን የሚቀረጽ የፕላስቲክ ማተሚያ ሰሌዳ ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ለዘመናት በእርሳስ ፊደል የኖረው የኅትመት ሥራ አዲስ አቅጣጫ ያዘ። የኦፍሴት ኅትመት የተስፋፋውም ብርሃን በሚሰማው ስስ ቅብ በተለበጠ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚታተም ጋዜጣም ሆነ የመማሪያ መጽሐፍ ገጹ መጀመሪያ የሚያርፈው እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ ነው። ኅትመት ሳይቀድም የቺፕ ኢንዱስትሪ ሊመጣ እንደማይችል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ ትራንዚስተር የሚሠሩ መሐንዲሶች የብርሃን ቅባቸውን በቀጥታ የወሰዱት ለኅትመትና ለፎቶግራፍ ከሚሠሩት ኩባንያዎች ነበር።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብርሃን ወደ ተራው ሕይወት ገባ። በጀርመን የእንጨት ዕቃ ፋብሪካዎች በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቅ ቫርኒሽ መጠቀም ጀመሩ። ቀድሞ ቫርኒሹ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ማሟሟያ ወደ አየር ሲተን ነበር፤ በብርሃን የሚደርቀው ግን ራሱ ወደ ጠጣር ስለሚለወጥ የሚተነው ነገር በጣም ያነሰ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ የአየር ብክለት ሕጎች ሲጠብቁ፣ የነዳጅ ዋጋም ሲንር፣ ሙቀት የማይፈልግና ጭስ የማያወጣ ቅብ ለፋብሪካ ባለቤት አዋጭ ሆነ። እዚህ ላይ ሳይንሱ ከሠራው ይልቅ ሕጉና ዋጋው የሠሩት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በጥርስ ሕክምናም ያው ዘመን ወሳኝ ነው። ራፋኤል ቦወን በ1962 ለዛሬዎቹ ነጭ ሙሌቶች መሠረት የሆነውን ሬዚን (ወደ ጠጣር የሚለወጥ ፈሳሽ) ይፋ አደረገ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት መብራቶች 365 ናኖሜትር አካባቢ ያለ አልትራቫዮሌት የሚያመነጩ ነበሩ፤ ጨረሩ ለታካሚውም ለሐኪሙም ዓይን የማይበጅ ከመሆኑ ሌላ ጥልቅ አይገባም ነበር። በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ ካምፎርኪኖን የተባለ፣ 470 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን የሚውጥ ቢጫ ውሁድ ሲመጣ ችግሩ ቀለለ። ቀድሞ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ወደ 40 ሰከንድ ወረደ፤ በ2000ዎቹ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሃሎጅንን ሲተካ ደግሞ ወደ 20፣ በአንዳንዱም ወደ 10 ሰከንድ ዝቅ አለ። ጥልቀቱ ግን በዚያው ልክ አላደገም። የተለመደው ሙሌት ዛሬም በ2 ሚሊሜትር ንብርብር ነው የሚሞላው፤ አዲሶቹ ጥልቅ ሙሌቶች የደረሱት 4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፍጥነት በብዙ እጥፍ ሲጨምር ጥልቀት በእጥፍ ብቻ መጨመሩ፣ ክላተን የገጠመው ችግር ከዘርፉ ጋር አብሮ መኖሩን ያሳያል።

1980ዎቹ የቦታ ቁጥጥር በፍጥነት የገሰገሰበት አሥርተ ዓመት ናቸው። በቺፕ ሥራ የመብራቱ ሞገድ ባጠረ ቁጥር የሚሣለው መስመር ይቀጥናል። ኢንዱስትሪው ከ436 ወደ 365 ናኖሜትር፣ ከዚያም ወደ 248 ለመውረድ ሲነሣ ግን አንድ እንቅፋት ገጠመው፤ በ248 ናኖሜትር የሚገኘው የሜርኩሪ መብራት ብርሃን በጣም ደካማ ነበር፣ የነበረው ቅብ ደግሞ ከሚውጣቸው ሦስትና አራት የብርሃን ቅንጣቶች አንዱን ብቻ ነበር ወደ ለውጥ የሚያመነዝረው። በአይቢኤም ሂሮሺ ኢቶ፣ ግራንት ዊልሰንና ዣን ፍሬሼ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት መፍትሔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ብልኅ ሐሳቦች አንዱ ነው። ብርሃኑ ፖሊመሩን ራሱ እንዲለውጥ አላደረጉም፤ ጥቂት አሲድ ብቻ እንዲፈታ አደረጉት። ያ አሲድ ሳያልቅ ከአንዱ የፖሊመር ክፍል ወደ ሌላው እየሄደ በመቶዎች የሚቆጠሩ ለውጦችን ያካሂዳል። አይቢኤም በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ የ1 ሜጋቢት የማስታወሻ ቺፕ በዚህ ቅብ አመረተ። በኋላ ወደ 193 ናኖሜትር፣ በ2019 ደግሞ በብዛት ምርት ደረጃ ወደ 13.5 ናኖሜትር የተወረደው በዚሁ መሠረት ላይ ተቆሞ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ከሠላሳ እጥፍ በላይ አጠረ።

በዚያው ጊዜ ብርሃን ከጠፍጣፋ ገጽ ተነሥቶ ቁመት ያለው ነገር መሥራት ጀመረ። ጃፓናዊው ሂዴኦ ኮዳማ በናጎያ የማዘጋጃ ቤት የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም ሆኖ በ1981 ፈሳሽ ሬዚንን በአልትራቫዮሌት በንብርብር እያጠነከሩ ሙሉ ቅርጽ መሥራት እንደሚቻል አሳተመ፤ የመብት ማመልከቻውን ግን እስከ መጨረሻው ሳይገፋበት ቀረ። ፈረንሳውያኑ አላን ለ ሜኦቴ፣ ኦሊቪየ ደ ዊትና ዣን ክሎድ አንድሬ በሐምሌ 1984 አመለከቱ፤ ድርጅቶቻቸው ገበያ አይኖረውም ብለው ተዉት። አሜሪካዊው ቻርልስ ኸል በነሐሴ 1984 አመለከተ፣ በመጋቢት 1986 መብቱን አገኘ፣ በዚያው ዓመትም ስሪዲ ሲስተምስን አቋቋመ። ሦስቱ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሐሳብ ላይ መድረሳቸው ድንገተኛ አይደለም፦ ሌዘሩ፣ ኮምፒውተሩና ለቀለምና ለቅብ ተብሎ የተዘጋጀው ሬዚን በየአገሩ ተገኝተው ስለነበር ነው። የሐሳቡ ባለቤት ማን ነው ከሚለው ይልቅ እስከ ገበያ የተከተለው ማን ነው የሚለው ታሪኩን ወሰነ። ዛሬ በጆሮ ውስጥ የሚገቡ የመስሚያ መሣሪያዎች ልባስ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ይታተማል፤ ጥርስን የሚያስተካክሉት ግልጽ ቅርፊቶችም የሚወጡት በብርሃን ከታተመ ሻጋታ ነው።

የቦታ ትክክለኛነት የመጨረሻው ማሳያ በ2001 ከኦሳካ መጣ። የሳቶሺ ካዋታ ቡድን 10 ማይክሮሜትር ርዝመት ያለው የበሬ ሐውልት ሠራ፤ መጠኑ ከአንድ ቀይ የደም ሴል ብዙም አይበልጥም። ዘዴው ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች በአንድነት ሲዋጡ ብቻ ለውጥ በሚፈጠርበት ክስተት ላይ ቆሟል፤ ማሪያ ጎፐርት ማየር ይህን በ1931 በወረቀት ላይ ተንብያው ነበር። ከትንቢት እስከ ሐውልት ሰባ ዓመት ፈጀ፤ ከዚህ አንዱ ክፍል ሌዘርን በመጠበቅ ያለፈ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜን መግዛት የሚለው ጥያቄ በቦታው ነበር። ፖሊመር ሲያድግ ትንንሽ ሞለኪውሎች በአንድ ክር ላይ እንደሚሰካ ዶቃ እየተከታተሉ ይያያዛሉ። በተለመደው አሠራር ብርሃን ሰንሰለቱን ያስጀምራል፤ የተጀመረው ሰንሰለት ከሰከንድ ባነሰ ወይም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎችን ሰብስቦ ሌላ ሰንሰለት ሲያገኝ ይሞታል። መብራቱ ቢጠፋ በሥራ ላይ ያሉት ያልቃሉ፤ እንደገና ቢበራ የሚነሡት አዳዲሶች ናቸው፣ የቀደሙት አይመለሱም። ስለዚህ አንዱ ሰንሰለት ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ ይቀራል። ለቫርኒሽ ይህ ግድ የለውም። መድኃኒት ለሚሸከም ወይም የተለያዩ ክፍሎች በቅደም ተከተል እንዲኖሩት ለሚፈለግ ፖሊመር ግን ርዝመቱና ቅደም ተከተሉ ሁሉም ነገር ነው።

ማይክል ሽዋርትስ በ1956 ሳይሞቱ የሚቆዩ ሰንሰለቶችን ሲያሳይ መንገዱ ተከፈተ፤ ሆኖም የሱ ዘዴ ከእርጥበትና ከአየር ፍጹም የጠራ ሁኔታ ይጠይቅ ነበር። ከብርሃን ጋር ለማጋባት የሞከረው ጃፓናዊው ታካዩኪ ኦትሱ ነው። በ1982 ባቀረበው ዘዴ የሰንሰለቱ ጫፍ በብርሃን ይፈታል፣ ጥቂት ካደገ በኋላ ተመልሶ ይዘጋል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቁጥጥሩ ግን ልል ነበር፣ ሰንሰለቶቹ እኩል አይሆኑም ነበር። መዝጊያውን ያጠበቁት የ1990ዎቹ ናቸው፦ በ1995 በአሜሪካ ክርዚስቶፍ ማቲያሼቭስኪ እና በጃፓን ሚትሱኦ ሳዋሞቶ በመዳብና በሩቴኒየም፣ በ1998 ደግሞ የአውስትራሊያው የሲኤስአይአርኦ ተቋም በሰልፈር ውሁዶች። እነዚህ ግን በሙቀት የሚሠሩ ነበሩ። ብርሃን እንደገና ከሜዳው ውጭ የቀረ መሰለ።

የመለሰው ከሌላ መንደር የመጣ ዕውቀት ነው። በ2008 እና በ2009 የመድኃኒት ሞለኪውል የሚሠሩ ኬሚስቶች፣ ከነሱም የፕሪንስተኑ ዴቪድ ማክሚላን፣ የሩቴኒየምና የኢሪዲየም ውሁዶች ተራ የክፍል መብራት ውጠው ኤሌክትሮን ለሌላ ሞለኪውል ሊሰጡና ሊቀበሉ እንደሚችሉ በሰፊው ማሳየት ጀመሩ። በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ብሬት ፎርስና ክሬግ ሆከር በ2012 ይህንኑ ወደ ፖሊመር አመጡት። መብራቱ ሲበራ ሰንሰለቱ ያድጋል፤ ሲጠፋ ይቆማል፤ እንደገና ሲበራ ያው ሰንሰለት ከቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ የሠሩት ፖሊመር ሰንሰለቶቹ በርዝመት የተቀራረቡ ሆነው ወጡ። ከኒየፕስ ወዲህ ያለውን ታሪክ ለሁለት የሚከፍል ዓመት ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ቀደም ያሉት ግኝቶች በአብዛኛው ብርሃንን ማስጀመሪያ አድርገው ነበር የተጠቀሙበት፣ ከዚህ በኋላ ግን ብርሃን በዕድገቱ ሁሉ ላይ አዛዥ ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው። ኢሪዲየም በምድር ላይ ካሉት እጅግ ብርቅ ብረቶች አንዱ በመሆኑ በ2014 ሁለት ቡድኖች ያለ ምንም ብረት በኦርጋኒክ ውሁዶች ብቻ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በዚያው ዓመት በሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ሲሪል ቦየር ብርሃኑን ከሰልፈሩ ዘዴ ጋር አጣመረ፣ ካታሊስቱም (ሳያልቅ ለውጡን የሚያካሂደው ውሁድ) በሚሊዮን ክፍል አንድ ክፍል አካባቢ ብቻ በቂ ሆነ። በ2015 ቡድኑ የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ በካታሊስትነት ተጠቅሞ በቀይ ብርሃን ፖሊመር አሳደገ። ቀይ ብርሃን ከሰማያዊው የበለጠ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ለዘርፉ የቆየ የጥልቀት ችግር ይህ ከብዙ ሌሎች ሙከራዎች ይልቅ ቅርብ መፍትሔ ነው።

2015 ለኦክስጅንም የለውጥ ዓመት ነው። ኦክስጅን የሚያድገውን ሰንሰለት ጫፍ ይዞ ስለሚገድለው ኬሚስቶች ለአሥርተ ዓመታት በናይትሮጅን እያስወጡት ኖረዋል። ጆሴፍ ዴሲሞንና ባልደረቦቹ ግን ከሬዚኑ በታች ኦክስጅን የሚያሳልፍ መስኮት አድርገው፣ ከመስኮቱ በላይ በአስር በሚቆጠር ማይክሮሜትር ውፍረት ያለ የማይጠነክር ንጣፍ እንዲቆይ አደረጉ። የሚታተመው ነገር ከመስኮቱ ጋር ስለማይጣበቅ በየንብርብሩ መቆም ቀረ፤ ቀድሞ በሰዓት ጥቂት ሚሊሜትር የነበረው ፍጥነት በመቶዎች ወደሚቆጠር ሚሊሜትር ወጣ። በ2019 የበርክሌይና የሎውረንስ ሊቨርሞር ተመራማሪዎች ንብርብርን ጭራሽ ትተው፣ በሚሽከረከር ብልቃጥ ላይ ከየአቅጣጫው ምስል በማብራት ሙሉውን ቅርጽ በአንድ ጊዜ አጠነከሩ። ይህም ዘዴ ሬዚኑ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ይጠቀማል፤ በቂ ብርሃን ያላገኘው ቦታ ኦክስጅኑ እስኪያልቅ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

ከመብራቱ በኩል ያለው ለውጥም ቀላል አይደለም። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪን ከመገልገያዎች ለማስወጣት ሲገፋ፣ ከ365 እስከ 405 ናኖሜትር የሚያበሩ ኤልኢዲዎች የሜርኩሪ መብራቶችን ቦታ እየወሰዱ ነው። ይህ ለውጥ ግን አዲስ ጥገኝነት ፈጠረ። የኤልኢዲን ጠባብ ሞገድ በደንብ ከሚውጡት ማስጀመሪያዎች (ብርሃን ውጠው ሰንሰለቱን የሚያስነሡ ሞለኪውሎች) አንዱ ቲፒኦ የተባለው ሲሆን፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በየከተማው የውበት ሳሎን በትንሽ የመብራት ሣጥን ውስጥ የሚደርቀው የጥፍር ጄል በብዙ ምርቶች ውስጥ ያለ እሱ አይጠነክርም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ውሁዱን ለመራባት ጤና አደገኛ ብሎ መድቦ ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመዋቢያ ምርቶች አገደው። በ2005 ከካርቶን ኅትመት ቀለም የወጣ ሌላ ማስጀመሪያ በጣሊያን የሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኝቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር መሰብሰቡ ይታወሳል። ከሁለቱ አጋጣሚዎች የሚታየው፣ ብርሃኑ ራሱ ንጹሕ ቢሆንም ብርሃኑን የሚቀበለው ሞለኪውል ከምርቱ ውስጥ እንደሚቀር ነው። ለዚህ ጥያቄ በቂ ትኩረት የተሰጠው ዘግይቶ መሆኑ ያሳዝናል።

ሌላው ዕዳ የቁሱ ዕድሜ ነው። በብርሃን የሚጠነክሩት ሬዚኖች በአብዛኛው ሰንሰለቶቻቸው በየአቅጣጫው የተሳሰሩ ስለሆኑ ቀልጠው እንደገና አይቀረጹም። በ2024 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሊፖይክ አሲድ የተሠራ፣ ከታተመ በኋላ ወደ መነሻ ሬዚኑ ሊመለስና ዳግም ሊታተም የሚችል ቁስ አቅርበዋል። በብዛት ገበያ ላይ እስኪውል ግን የተሠራው ሁሉ የሚያበቃው በቆሻሻ ክምር ነው።

ዓለም በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ፕላስቲክ ስታመርት በብርሃን የሚሠራው ከዚህ ትንሽ ክፋይ ነው፤ ጊዜን በመግዛት፣ ማለት በ2012ቱ መንገድ፣ የሚሠራው ደግሞ ገና ከቤተ ሙከራ ብዙም አልራቀም። ተስፋ የሚሰጠው ፈሳሹን በጋን ማጠራቀም ትቶ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ውስጥ እያፈሰሱ ከጎን የማብራት ዘዴ ነው፤ በቱቦው ውስጥ እያንዳንዱ ጠብታ ከግድግዳው የሚርቀው ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ሁሉንም ይደርሳል፣ ምርቱን ማብዛት ሲያስፈልግም የሚጨመረው የቱቦ ርዝመትና ቁጥር ነው። አሁን የቀረው ስሌት የኤሌክትሪክና የካታሊስት ዋጋ ነው፤ እሱም ከ2014 ወዲህ በካታሊስቱ በኩል እየቀለለ የመጣ ስሌት ነው።